የኢየሩሳሌም አየር፦ የናፍጣ ጭስና የበረሃ አቧራ

እሷ፦ ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስትታጠፍ፣ እስከ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም ድረስ በጠባብ የድንጋይ ግንብ መካከል ነው የምትሄደው። አንድ የናፍጣ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ከቆመ ጭሱ እዚያው ይታፈናል።

እሱ፦ በጸደይ የሰሃራ አቧራ ይጨመርበታል። በአይሁድ የላግ ባኦመር በዓል ሌሊት ደግሞ በየሰፈሩ እንደ ደመራ እሳት ይነዳል።

እሷ፦ አቧራውን ማን ይከለክላል? ናፍጣው ግን የእኛው ሥራ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር እኮ የያፎ መንገድ ከአውቶቡስ ጭስ ተገላገለ!

እሱ፦ በጭሱም በአቧራውም ውስጥ ያለው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ ከሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አስም ያባብሳል፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል።

እሷ፦ የገዳሙ አረጋውያን መነኮሳት የሚያሳስቡኝ ለዚህ ነው። አቧራው ሲበረታ መስኮት ይዘጋ፤ ልቡን ወይም ሳንባውን የሚያመው ሰው ከቤት አይውጣ። አሽከርካሪውም ቆሞ ሲጠብቅ ሞተሩን ያጥፋ።