ሳያመን የሚጎዳን ኮሌስትሮል
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዷ ደረቷን ወጥሮ ይዟት ሆስፒታል ገባች። የልቧ ደም ሥር ተዘግቶ ነበር። ተመስገን፣ ዛሬ አብራን ተቀምጣለች፤ ይህን የምንናገረውም በእርሷ ፈቃድ ነው።

ከዚያ በፊት ኮሌስትሮሏ ከፍ ማለቱ ተነግሯት መድኃኒት ጀምራ ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ «ዳንኩ» ብላ ተወችው፤ ብሩንም ለልጇ ትምህርት ቤት አዋለችው። እኛ በየወሩ ቡና አብረናት እየጠጣን «መድኃኒትሽንስ?» ብለን አልጠየቅናትም። ለሐዘን ድንኳን ለመትከል የምንፈጥን ሰዎች፣ ለዚህ ዘገየን።

ኮሌስትሮል ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው፣ የሚያስፈልገውም ቅባት ነው። መጥፎው የሚባለው ዓይነት ሲበዛ ግን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየተከማቸ መንገዱን ያጠብባል። ይህ ሲሆን አያምም። ቀጭን መሆንም ዋስትና አይሆንም። እኛ ሴቶች ደግሞ የወር አበባችን ሲቋረጥ መጠኑ ይጨምርብናል። የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው።

ወደ ጓዳችን ስንገባ፣ ከነጠረ ቅቤ ከግማሽ በላዩ ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ስብ ነው። በጾም ቅቤ ስለተውን ተርፈናል አንበል፤ የሚረጋው የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ ያው ነው። በምትኩ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት፣ እርሱንም ቀነስ አድርገን እንጠቀም። ምስር፣ ባቄላ፣ የገብስ ቅንጬ ይረዱናል፤ ሽሮም እንዲሁ፣ በቅቤ ካላሰጠምነው። አብዛኛውን ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለን እንራመድ።

መድኃኒት የታዘዘላት ግን «ቅቤ ትቻለሁ» ብላ አታቁመው። ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ ከሆነ፣ ሲቆም ተመልሶ ይወጣል። ጡንቻዋን ካመማት፣ ወይም ለማርገዝ ካሰበች፣ ለሐኪሟ ትንገር።

ስለዚህ ሁለት ነገር ወስነናል። አቅም ለሚያጥራቸው አባላት የምርመራውን ወጪ ከመረዳጃ ሣጥናችን እንከፍላለን፤ ወዳጆቻችንም በዚህ እንድታግዙን እንጠይቃለን። ሁለተኛው ገንዘብ አያስፈልገውም። በየስብሰባው ጎን ለጎን የተቀመጥን «መድኃኒትሽ አላለቀም?» እንባባላለን። ያለቀባትም ሳታፍር «አልቋል» ትበለን።

ጤናውን ይስጠን።