መድኃኒት ሲለወጥ የሚናወጥ ስሜት
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ለድባቴ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒታቸው ሲለወጥ ስለሚገጥማቸው ፈተና ነው። መድኃኒት የሚለወጠው ሳይረዳ ሲቀር፣ ጎንዮሽ ጉዳቱ ሲከብድ ወይም ከገበያ ሲጠፋ ነው። ለምሳሌ አሚትሪፕቲሊን አፉን አድርቆ እንቅልፍ ያበዛበትን ሰው ሐኪሙ ወደ ፍሉኦክሰቲን ሊያዛውረው ይችላል።

በአንድ አጥቢያ የገጠመንን እናስታውሳለን። አንዲት እኅት መድኃኒቷ በተለወጠ በሳምንቱ እንቅልፍ አጣች፤ ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች። ቤተሰቧ «ያ ነገር ተመለሰባት» ብሎ አዲሱን መድኃኒት አስጥሎ ወደ ጸበል ወሰዳት። መጠመቋ መልካም ነበር፤ መድኃኒቱን ማቋረጧ ግን ሕመሟን አባባሰው። እኛም እያየን ዝም ማለታችን እስከ ዛሬ ይጸጽተናል።

የቀድሞው መድኃኒት ሲቀነስ ወይም በድንገት ሲቋረጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጭንቀትና ቁጣ ሊመጣ ይችላል። አዲሱ ደግሞ ጥቅሙ እስኪታወቅ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሕመምተኛው በሁለቱ መካከል ሲናወጥ የእምነት ጉድለት አድርገን አንቁጠርበት።

ስለዚህ አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ መድኃኒት አይቋረጥ፤ ከቀድሞው የተረፈውም ከአዲሱ ጋር አይቀላቀል፤ አብረው ሲወሰዱ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉና። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ የሕመምተኛውን እንቅልፍና ስሜት በየቀኑ ጽፎ ለሐኪሙ ያሳይ። ሦስተኛ፣ በጾም ወራት መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከርበት። አራተኛ፣ ስለ ሞት የሚናገር፣ ወይም ያለ እንቅልፍ ከልክ በላይ የሚፈነድቅና የሚቅበጠበጥ ከሆነ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለየ ጥበቃ ያሻቸዋል።

አባቶች ሆይ፣ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምረናል። «ተጠመቅ፤ መድኃኒትህንም አታቋርጥ» የሚለው ቃል ከሐኪሙ ይልቅ ከእናንተ አንደበት ሲወጣ ይሰማል። ሰበካ ጉባኤውም ለሕመምተኛው የመጓጓዣ ገንዘብና አብሮት የሚሄድ ሰው ቢያዘጋጅ ነፍስ ያድናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።