ትልቁ ይወቀሳል፣ ትንሹ ይታማል

 

ባለፈው ሰሞን ከአድማጮቻችን አንድ አባት ስልክ ደውለው ቅሬታቸውን ነገሩኝ። «የእኛን ቤተ ክርስቲያን መንቀፍ ሲሆን ማን ብሏችሁ! ስለ ሙዳየ ምጽዋቱ፣ ስለ በዓላቱ ብዛት፣ ስለ ድምፅ ማጉያው፣ ስለ አስተዳዳሪው መኪና ታወራላችሁ። ሌላው እምነት ጋ ስትደርሱ ግን አፋችሁን ትይዛላችሁ። ለምንድን ነው?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር፤ ከቁጣው ሥር ግን ኀዘን ይሰማ ነበር። ያን ቀን የሰጠኋቸው መልስ ለጥያቄያቸው የሚመጥን አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ሳስብበት ሰንብቼ ዛሬ ይዤው መጣሁ።

ከአያቴ ልጀምር። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ደሴ ላይ። ቤታችን አዛኑም ደወሉም እኩል የሚሰማበት ሰፈር ውስጥ ነበር። ወር በገባ በ21 የማርያም ጽዋ ነበረባትና ተራዋ ሲደርስ መምሬ ይመጣሉ፣ ጎረቤቱ ይሰበሰባል። አንድ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እንጀራ ሻጭ ሞተች፤ በዚያው ሳምንት አንድ ባለጸጋ ነጋዴም ሞተ። ጽዋው ዕለት መምሬ ጸሎቱን አድርሰው ገና ከመቀመጣቸው አያቴ ጀመረች። «መምሬ፣ የዚያችን ምስኪን ፍትሐት እንደዚያ ያጣደፋችሁት ምን ሆናችሁ ነው? ለነጋዴው ጊዜ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ቆማችሁ የለም እንዴ? እግዜር ዘንድ የእሷ ነፍስ ታንሳለች?» ቤቱ ጸጥ አለ። መምሬ አንገታቸውን ደፍተው «ልክ ነሽ፣ እመይቴ» አሉ። እሷም ተነስታ መስቀላቸውን ተሳለመችና ጠላ ቀዳችላቸው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ድምፅዋን ስሙልኝ። ከአጥራችን ማዶ አንድ ጎረምሳ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚሄድበት ቦታ አለ። አያቴ ስለ እሱ ስታወራ መጀመሪያ በሩን ታያለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ገብቷል አሉ» ትላለች። ምን ውስጥ እንደገባ ማንም አይጠይቃትም፤ ሁሉም ያውቃል። ቡና የምትጠጣው ሴት ሁሉ፣ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም፣ ከንፈሯን ትመጣለች። ልጁ ሲመጣ ግን «ደህና ዋልክ የኔ ልጅ» ተብሎ ቡና ይሰጠዋል። ስለ እምነቱ አንድ ቀን ፊት ለፊት የጠየቀው፣ የተከራከረው ወይም የገሠጸው ሰው አላየሁም።

በከፍተኛ ድምፅ የተናገረችው ስለ ራሷ ቤት ነው። በሹክሹክታ የተናገረችው ስለ ሰው ቤት ነው። በቋንቋችን ለሁለቱ ሁለት ስም አለን፤ የመጀመሪያው ወቀሳ ነው፣ ሁለተኛው ሐሜት ነው። ወቀሳ የዘመድ ነው። ሰው የሚወቅሰው ይሰማኛል የሚለውን፣ ቢስተካከል የሚጠቀምበትን፣ ቢበላሽ አብሮት የሚያፍርበትን ነው። ባዳ አይወቀስም፤ ባዳ ይታማል። ስለዚህ ትንሹ እምነት አይነካም የሚለው አባባል ለእኔ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። በአደባባይ አይወቀስም እንጂ በጓዳ ሲታማ ኖሯል። ቤተ እስራኤል አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪውን በአደባባይ ስለ እምነቱ የተከራከረው ሰው ጥቂት ነው፤ በጓዳ ግን «ቡዳ» የሚል ስም ተለጥፎበት ዘመናትን አሳልፏል። ጴንጤው «መጤ» ተብሏል። ሙስሊሙን አገር አልባ የሚያደርግ ተረት በአባቶቻችን አፍ ነበር። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ትንሾቹ እምነቶች ተከብረው ኖሩ ሊል አይችልም።

ቤተ ክርስቲያኗን እስከ ዛሬ አጥብቀው የወቀሷት እነማን እንደሆኑ ደግሞ እንይ። በ15ኛው መቶ ዘመን ለንጉሥ አንሰግድም ብለው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር የተጋጩት ደቂቀ እስጢፋኖስ መነኮሳት ነበሩ። ምላሳቸውና አፍንጫቸው ተቆርጧል፣ በድንጋይ ተወግረዋል፤ ግን ከገዳም ወጥተው አልጠፉም፣ ጉንዳ ጉንዶን የመሰለ ገዳም ትተውልናል። በካህናትና በመኳንንት ላይ የተናገራቸው ቀልዶች እስከ ዛሬ የሚያስቁን አለቃ ገብረ ሃና የፎገራ ሊቅ ናቸው፤ ዛሬም በማሕሌት የሚዘመምበትን የተክሌ አቋቋም ያወጡት እኒሁ ሰው ናቸው። በመቋሚያቸው ያገለገሏትን ቤት ነው በምላሳቸው የገሠጹት። ሐዲስ ዓለማየሁም ደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው። በ1958 የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የባላባቱን ትዕቢትና የቤተ ክህነቱን ድካም ያን ያህል አጥርቶ ያሳየን ጸሐፊው ከውስጥ ስለሚያውቁት ነው። ዋናው ባለታሪክ በዛብህም ራሱ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው።

የብዙኃን እምነት ተቺ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ልጁ ብዙ ነው። ጸሐፊው፣ ጋዜጠኛው፣ ቀልደኛው፣ ገጣሚው ከዚያ ቤት የወጣ ነው። የሚያውቀውን ይጽፋል፤ የማያውቀውን ለመጻፍ ይፈራል፣ ደግሞም መፍራቱ ተገቢ ነው።

ሌላው ምክንያት ሥልጣን ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ብሎ በአንቀጽ 126 ደንግጎ ነበር። መሬቱን በተመለከተ ሲሶው ለቀዳሽ ሲባል የኖረውን እናውቃለን። ከመንግሥት ጋር በአንድ ማዕድ የተቀመጠ ከመንግሥት ጋር ይጠየቃል። ገባር የነበረ ሁሉ፣ ከጉልት ጋር የተካሰሰ ሁሉ፣ ቅሬታውን ይዞ የሚሄደው ወደ ደብሩ ነበር።

ግን እዚህ ላይ አድማጬ እውነት አላቸው። መሬቱ በየካቲት 25 ቀን 1967 አዋጅ ሄዷል። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ተይዘው ሐምሌ 1971 ተገድለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዱ ተቺ ዛሬም ባለጉልቷን ቤተ ክርስቲያን ነው የሚታገለው። የወንዝ ማዶ ደብር ቄስ ከገበሬው እኩል አርሶ፣ ሽሮ በልቶ እንደሚያድር አያይም። የሃምሳ ዓመት ጽሑፍ ገልብጦ የዛሬ ወቀሳ ማድረግ ስንፍና ነው፤ እኛ የሙያው ሰዎች ይህን ስንፍና ፈጽመናል።

በዚያው በሐምሌ 1971 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገድለዋል። የትልቁ ቤት ፓትርያርክና የትንሹ ቤት ቄስ በአንድ ወር፣ በአንድ መንግሥት እጅ። ስለ አንዳቸው ብቻ ሰምቶ ያደገ ሰው ሁለተኛውን ስም ዛሬ ይያዝልኝ።

ስም ካነሳን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የስም ጥያቄ ነበር። እስከዚያ ድረስ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባሉ ነበርና «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል አሉ። አንዲት ቃል ናት፤ በእንግዳና በቤተሰብ መካከል ያለውን ርቀት ግን ትይዛለች። የዚያን ቀን የተሰለፈው ክርስቲያን የወቀሰው የራሱን ወገን ሥርዓት ነበር። የደፈረውም የራሱ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በዚህች አገር ብዙኃኑ ማን ነው? በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክሱ ከመቶ 43 ተኩል፣ ሙስሊሙ 34 ገደማ፣ ፕሮቴስታንቱ ከ18 በላይ ነበር። ከግማሽ ያለፈ አንድም አልነበረም። በዚያው ቆጠራ ትግራይ ብንሄድ ከመቶ ከ95 በላዩ ኦርቶዶክስ ነበር፤ ሶማሌ ክልል ብንሄድ ከ98 በላዩ ሙስሊም ነበር፤ ጋምቤላ 70 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። ጎንደር ላይ የትልቁ ቤት ልጅ የሆነ ሰው በአንድ ቀን የአውቶቡስና የአውሮፕላን መንገድ ጅግጅጋ ሲገባ የትንሹ ቤት ልጅ ይሆናል። ይህች የእኔ ድምፅ ደግሞ በሁሉም ቦታ ትሰማለች። ጎንደር ላይ ወቀሳ ሆና የተነገረች ቃል ጅግጅጋ ላለው አንድ ብቸኛ ካህን ስድብ ሆና ልትደርስ ትችላለች። እዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ከመናገሬ በፊት ብዙ ጊዜ ዝም የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ዝምታው ሁሉ ጥንቃቄ ነው? አይደለም። ይህን ያስተማረችኝ አየርላንድ ናት።

የአየርላንዱን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ልጥራና፣ በ1961 የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ አየርላንዳዊ 95ቱ ካቶሊክ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1973 መጀመሪያ ልዩ ቦታ ይሰጣት ነበር። ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም የሙት ልጆች ማሳደጊያውም በአብዛኛው በእሷ እጅ ነበር። በኋላ በእነዚያ ማሳደጊያዎች ሕፃናት ሲደበደቡና ሲደፈሩ መኖራቸው ተገለጠ። በ2009 የወጣው የራያን ሪፖርት አገሩን አንቀጠቀጠ። በ2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ በማግዳሌን የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ጉልበታቸው ለተበዘበዘ ሴቶች በፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ወቀሳው ከባድ ነበር፤ የሚገባም ነበር። ወቃሾቹም በአብዛኛው ካቶሊክ ሆነው ያደጉ ሰዎች ነበሩ።

እዚያው ደብሊን ውስጥ ግን ቤታኒ ሆም የሚባል ሌላ ቤት ነበር። የፕሮቴስታንቶች ነው፤ የትንሹ ወገን። ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች የሚገቡበት፣ ልጆቻቸውም የሚያድጉበት ወይም የሚሞቱበት ቤት ነበር። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ተከፍቶ በ1972 ተዘጋ። ከ200 በላይ ሕፃናቱ ማውንት ጀሮም በሚባለው መካነ መቃብር ምልክት በሌለው መሬት ተቀብረው ነበር፤ ይህ በሰፊው የተሰማው በ2010 ነው። መንግሥት ለማሳደጊያ ቤት ተጎጂዎች ካሳ ሲያዘጋጅ የቤታኒ ልጆች በዝርዝሩ አልተካተቱም። አገሩ ሁሉ ስለ ካቶሊኮቹ ቤቶች ሲነጋገር እነሱ የሚሰማቸው አጥተው በር ለበር ዞሩ።

ማን ዝም አሰኛቸው? ለእኔ የሚታየኝ ይህ ነው። ካቶሊክ ሆኖ ያደገው ጋዜጠኛ የሰው ቤት ነው ብሎ አለፈው። የትንሹ ወገን ሰዎች ደግሞ ጥቂት ነን፣ ጉዳችን ባይወጣ ይሻላል ብለው ሸፈኑት። በሁለቱ ዝምታ መካከል የቀሩት ሕፃናቱ ናቸው። ለትንሹ እምነት ክብር የሰጠን የሚመስለን ዝምታ፣ ከዚያ እምነት ውስጥ ላለችው ለትንሿ ልጅ ጥላቻ ከሚያደርገው የማይተናነስ ጉዳት አድርጓል።

በእኛም አገር ከየቤቱ ውስጥ ድምፅ ሲወጣ አይቻለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ «ድምፃችን ይሰማ» ያሉት ሙስሊሞች በመንግሥት ጣልቃ ገብነት ላይ ብቻ አልተነሱም፤ የራሳቸውን መጅሊስ አመራርም ወቅሰዋል፤ ብዙዎች ታስረውበታል። በወንጌላውያኑ ዘንድ ስለ ትንቢትና ስለ ገንዘብ ሲነሳ፣ ጠንከር ያለውን ነገር የሚናገሩት የራሳቸው መጋቢዎችና ምእመናን ናቸው። እነዚህን ሰዎች አደንቃለሁ። የትንሹ ቤት ወቃሽ የሚከፍለው ዋጋ ከእኔ አያት ይበልጣልና። እሷ መምሬን ወቅሳ ስታበቃ ማንም «ለጠላት አሳልፈሽ ሰጠሽን» አላላትም። የትንሹ ቤት ልጅ ግን ከውስጥ ከሃዲ ይባላል፤ ከውጭ ያለነው ደግሞ ቃሉን ነጥቀን «አላልንም ነበር?» እያልን ሐሜታችንን እናደምቅበታለን። ሁለተኛ አፉን እንዳይከፍት የምናደርገው እኛ ነን።

እንግዲህ የደወሉልኝ አባት ዛሬም የሚሰሙኝ ከሆነ መልሴ ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያንዎ የምትወቀሰው የብዙዎቻችን እናት ስለሆነች፣ ብዙ ነገርም በእጇ ስለነበረ ነው። ያረጀውን ወቀሳ ደጋግመን ስላነሳን እኔም ባልደረቦቼም ይቅርታ እንጠይቃለን። ትክክለኛውን ወቀሳ ግን አንተውም። ስለ ሌሎቹም ዝም ማለት አንፈልግም፤ ፊት ለፊት፣ ባለቤቶቹ ባሉበት፣ ስማቸውን አክብረን እንጠይቃለን።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅት ለእናንተ ነው። ቄስም ሁኑ ኡስታዝ፣ መጋቢም ሁኑ ከኋላ ወንበር የምትቀመጡ ምእመን፣ በእምነታችሁ ቤት ውስጥ ቢስተካከል የምትሉትን ነገር ንገሩን። ጥቂት የሆናችሁበት ከተማ ውስጥ ያላችሁ በተለይ ደውሉ፤ ስማችሁን መናገር ግዴታ የለባችሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፤ የምትናገሩት ስለ ራሳችሁ ቤት ይሁን።