ስለ ለስላሳ ማባበያ አሰካክ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ «ስለምን ትናገራለህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ስለ ዓሣ ማጥመድ» ስለው ሣቀ። ሣቁን አልተቀየምሁም። በአገራችን ዓሣ ማጥመድ የእረኛ ጨዋታ ወይም የችግረኛ ሥራ ሆኖ ሲታይ ኖሯል። በጣና ዳር ይህን ዕውቀት በደንገል ታንኳ ይዘው የኖሩት ወይጦዎች ከዚህ ንቀት ብዙ ደርሶባቸዋል። ዛሬ ማታ ግን ይህ ሥራ እንደ ማንኛውም ሙያ ልክና ምክንያት ያለው መሆኑን ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ነገሩን የተማርሁት በውርደት ነው። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ዘመዴ ከጎማ መሰል ነገር የተሠሩ ለስላሳ ዓሦችና እርሳስ ራስ ያላቸው መንጠቆዎች ሰጠኝ። እኔም በኩራት ይዤ ወደ ቆራጣ ወረድሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከታንኳ ላይ ስጥልና ስስብ ዋልሁ፤ አንድ ዓሣ እንኳ አልነካልኝም። በሦስተኛው ቀን ታንኳውን የሚቀዝፉት ሽማግሌ ማባበያዬን በእጃቸው አገላብጠው አዩና «ልጄ፥ ዓሣህ ጠማማ ነው፤ ደግሞም ለጉሮሮ አይሆንም» አሉኝ። ሁለቱም ቃላቸው እውነት ነበር።

መጀመሪያ የጉሮሮውን ነገር እንመልከት። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን አንድ ዓይነት አይደለም። ናገልኬርኬና ሲቢንግ የተባሉት የሆላንድ ሊቃውንት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ባወጡት ጽሑፍ 15 ዓይነት አድርገው ለይተውታል። ከነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ በሊታዎች ናቸው። ነገር ግን መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ የሚያደቁበት ጥርስ ያለው ከጉሮሯቸው ውስጥ ነው፤ መተላለፊያውም ጠባብ ነው። ስለዚህ አፉ ሰፊ የሆነው እንኳ የሚውጠው ትናንሽ ዓሣ ነው። እንደኔ መዳፍ የሚያህል ማባበያ የሚሰቅል ሰው ቢጾም አይገረም። ከጣት የማይበልጠው ይሻላል።

ሁለተኛው የአሰካኩ ነገር ነው። ለስላሳውን ዓሣ ከመውጋታችሁ በፊት ከመንጠቆው ጎን አስተኝታችሁ ለኩት፤ የመንጠቆው ጉብጠት የሚደርስበትን ቦታ በጥፍራችሁ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ የመንጠቆውን ጫፍ በአፍንጫው መካከል አስገቡና በሆዱ መካከል ቀጥ አድርጋችሁ እየነዳችሁ፥ ምልክት ባደረጋችሁበት ቦታ በጀርባው በኩል አውጡት። አፍንጫው ከእርሳሱ ጋር ይግጠም። ከተጨማደደ ወይም ወደ አንድ ወገን ካጋደለ አውጥታችሁ እንደገና ስኩት፤ መስነፍ አይገባም። ጠማማው ማባበያ በውኃ ውስጥ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ ክሩን ያከረዋል፤ ዓሣውም ይሸሸዋል። ገላው ወፍራም ሆኖ የመንጠቆውን አፍ ከደፈነው ደግሞ ዓሣው ቢነክስም አይያዝም። ድንጋይና ሣር በበዛበት ቦታ የመንጠቆውን ጫፍ በጀርባው ቆዳ ሥር በጥቂቱ መደበቅ ይቻላል።

የጎማው ዓሣ የሌለው አይዘን። በትል ወይም ከዓሣ ሥጋ በቀጭኑ በተቆረጠ ቁራጭ የሚያጠምድም ሕጉ ይኸው ነው፤ መካከሉን ወግቶ ቀጥ ማድረግ።

ሦስተኛው የክብደቱ ነገር ነው። ጥልቅ ውኃ ስንል እንዳንሳሳት፤ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ከባድ እርሳስ አያሻም። እርሳሱ ከታች ሲያርፍ እጃችሁ ካወቀ በቂ ነው። ከዚያ በእጅ አንጓ ከፍ አድርጋችሁ፥ ክሩ ሳይላላ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ልቀቁት። ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ሲወርድ ነው፤ ክሩ ከላላ መምታቱን ሳታውቁ ያልፋችኋል። እርሳሱን በጥርስ አትንከሱ፤ መርዝ ነው። የተቀደደውንም ጎማ ወደ ውኃ አትጣሉ፤ ዓሣ ይውጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኛ ደብረ ታቦሮች «ወንዛዬ» እየተባባልን እንጠራራለን። ወንዞቻችን ርብና ጉማራ ከጉና እግር ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ከነጭ ዓሣው ወገን ብዙው ለመራባት በክረምት፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ፥ እነዚህን ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ዓሣው ከወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ለመያዝም ብልሃት አያሻም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማጥመድ ጣና ላይ ከተጀመረ ወዲህ ይህን መሰብሰቢያ ያላወቀ የለም። በባሕር ዳር ወገን የተደረገው ጥናት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ወደ 75 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። በብርብራ ፍሬ ወንዙን ማስከርም አለ፤ እኔም በልጅነቴ ከእረኞች ጋር ሆኜ አድርጌዋለሁ። ትልቁም ትንሹም በአንድነት ሲንሳፈፍ እያየሁ እልል ብያለሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ነገር ግን ዐዋጅ በየወንዙ ዳር ብቻውን ዘብ አይቆምም። በክረምት ዕረፍት ወደየቀያችን የምንሄደው እኛ ነን። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፥ የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ጊዜ ካለቀ ከሌላ ወንዝ የሚተካው የለም።

እንግዲህ መንጠቆን የወደድሁበት ምክንያት ይህ ነው። መንጠቆ አንድ በአንድ ይይዛል፤ ትንሹን በደኅና ለመመለስ፥ ዕንቁላል የያዘችውን ለመልቀቅ ጊዜ ይሰጣል። መረቡና ብርብራው ይህን ጊዜ አይሰጡም። ከጥቅምት በኋላ፥ ከወንዙ አፍ ርቃችሁ፥ ማባበያውን ቀጥ አድርጋችሁ ሰክታችሁ ጣሉ። በክረምት ግን መንጠቆውን ከግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ጎረቤቶቻችሁንም ምክንያቱን ንገሯቸው።

 የማኅበሩ ጸሐፊም አሁን ቢሥቅ አልከፋም፤ በኅዳር ቆራጣ አብሮኝ ሊወርድ ቃል ገብቷል።