ጉቦና አደራ



ዓለም ኅዳር 30 ቀን የፀረ ሙስናን፤ በማግሥቱ ታኅሣሥ 1 ቀን ደግሞ የሰብዓዊ መብትን ቀን ያከብራል። ሁለቱ ቀኖች ጎረቤት መሆናቸው ተገቢ ነው። ጉቦ የሚቀበል ሹም የሚሸጠው የራሱን ዕቃ ሳይሆን የባለጉዳዩን መብት ነውና።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፤ ኀላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይደነግጋል። እንግዲህ አንዱ እስረኛ ከፍሎ ቢወጣ፤ ሌላው የሚከፍለው አጥቶ ቢቀር፤ መብቱ የባለገንዘብ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በጠረፍ ይበልጥ ይታያል። መተማ ዮሐንስ ከሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት ናት። በኬላው በሕግ የሚያልፍ አለ፤ ደላላ ተከትሎ በጫካ የሚያልፍም አለ። ብዙ ወጣቶች ሱዳንንና ሊቢያን ተስፋ አድርገው በዚህ አቅጣጫ ወጥተዋል። የሚያስወጣቸው በመጀመሪያ ችግር ነው፤ ነገር ግን «ያለ ገንዘብ ጉዳይ አያልቅም» ብሎ ያመነ ወጣት ከሹሙ ይልቅ ደላላውን ያምናል። በጫካ ውስጥ ግን አቤት የሚባልበት ዳኛ የለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ሸሽተው የገቡትንም አስቡ። ዘመድ በሌለበት አገር ስደተኛ የሚጠጋው በሹሙ ቅን ፍርድ ብቻ ነው።

«ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ምን ያድርግ?» የሚሉ አሉ። ደመወዝ ሊሻሻል ይገባል። ነገር ግን ከሹሙ ይልቅ ድኻ የሆነው ባለጉዳይ ስለ ምን ይክፈል?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ከአባቶቻችን ደርሶናል፤ ለልጆቻችን ግን ልናወርሰው አይገባም። ያው አማርኛችን የተሰጠውን ለሚያጠፋ ሰው «አደራ በላ» የሚል ብርቱ ስድብ አለው። ሹመትም የሕዝብ አደራ ነው።

የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚጠብቅ ዐዋጅ ቁጥር 699/2003 ወጥቷል። ዐዋጁን የሚያጸናው ግን ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው። ከእኛም መካከል ነገ ዳኛ፤ ጸሐፊ፤ የጉምሩክ ሠራተኛ የሚሆን አለ። ያን ጊዜ ድኻው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፤ በሕግ የሚገባውን ያለ እጅ መንሻ እንፈጽምለት። ሕዝብ መንግሥቱን የሚያምነው በንግግር ብዛት ሳይሆን እንዲህ ባለው ሥራ ነው።

እግዚአብሔር አገራችንን ይባርክ።