የትኛውን መዝገበ ቃላት እንመን? የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት ምርጫ ከራያ ቆላ ሲታይ



የዛሬው ርእሴ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ቋንቋ የሚማር ሰው በድረ ገጽና በስልክ ከሚያገኛቸው መዝገበ ቃላት የትኛውን ይምረጥ? ጥያቄውን የማነሣው ከቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ካለው የራያ ቆላ አንጻር ነው። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆቦ የአማርኛ፣ የትግርኛና የኦሮምኛ መገናኛ ናት፤ የዞብልን ተራራ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛም አፋርኛ ይሰማል። ከእናንተ መካከል ነገ በዚያ አገር በመምህርነት፣ በጤና ወይም በግብርና ሥራ የምትመደቡ ትኖራላችሁ። ከአንድ ገበሬ ወይም ከአንዲት እናት የሰማችሁትን ቃል በስልካችሁ ፈልጋችሁ ስታጡት «እንዲህ ያለ ቃል የለም» ትላላችሁ ወይስ «መዝገቡ አልደረሰበትም»? የንግግሬ ፍሬ ነገር በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መዝገበ ቃላትን ለመምረጥ አራት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፦ ቃሉ ከማን አፍ፣ መቼ ተሰበሰበ? የሚለው ነው። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ከአባ ጎርጎርዮስ ዕውቀት የተቀዳ ነው፤ እኒህ ሊቅ ደግሞ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ የቤተ አምሐራ ተወላጅ ነበሩ። ጂን ግራግ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት በዋናነት የወለጋን አነጋገር የተከተለ ነው። ይህ ነውር አይደለም፤ መዝገበ ቃላት ሁሉ ከአንድ ቦታ ይነሣል። ነውሩ መነሻን መደበቅ ነው። ዛሬ በድረ ገጽ ከሚዘዋወሩት መካከል የተሰማ ሀብተ ሚካኤል የ1951 ዓ.ም. እና የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. ሥራዎች ይገኛሉ። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንባቢው ዘመናቸውን ማወቅ አለበት። ምንጩንና ዘመኑን የማይናገር ድረ ገጽ ሲያጋጥማችሁ ባለቤቱ ያልታወቀ እህል እንደ ገዛችሁ ቍጠሩት፤ ሳታበጥሩ አትፍጩት።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ቃሉን በሰማሁት መልክ ብጽፈው አገኘዋለሁ ወይ? የሚለው ነው። የአማርኛ ተማሪ በመንገድ የሚሰማው «መጣ» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ «አልመጣችም»፣ «ሲመጡብን»፣ «የመጣንበት» የሚሉትንም ነው። ሥሩን ያላወቀ ተማሪ ሥሩን እየጠየቀ የሚያስገባ በር አይከፈትለትም። በአየርላንድኛም ችግሩ ይህንኑ ይመስላል። «ሴት» ማለት «ባን» ሲሆን «ሴቲቱ» ለማለት «አን ቫን» ይባላል፤ የመጀመሪያው ድምፅ ስለሚለወጥ ጀማሪ ተማሪ ቃሉን በተሳሳተ ፊደል ሥር ሲፈልግ ይደክማል። በእኛ ላይ ደግሞ የፊደል ጣጣ ይጨመራል። ግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሲመዘገብ «አ» እና «ዐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ለየራሳቸው መለያ ቍጥር ተሰጣቸው፤ ስለዚህ ለኮምፒዩተሩ «አለም» እና «ዓለም» ሁለት ቃላት ናቸው። አንዱን ስትጽፉ ሌላውን የማያመጣ ድረ ገጽ ለአማርኛ አልተዘጋጀም። ለትግርኛ ግን «ሐ» እና «ሀ»ን መቀላቀል ስሕተት ነው፤ በዚያ ቋንቋ ድምፃቸው የተለያየ ነውና። በቅሎን «በቕሊ» ብሎ በ«ቕ» የሚጽፈውን ትግርኛ በአማርኛ ልማድ መፈለግም አያዋጣም። ማይክል ጋሰር የሠሩት ሆርንሞርፎ የተባለው መርሐ ግብር የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸው የሚፈታ ስለ ሆነ ችግሩ መፍትሔ ያለው መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ድምፁን ይነግረኛል ወይ? የሚለው ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ይገልጻል፤ «ዋና» ሲላላ የዋናተኛው ሥራ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ትልቁና ቀዳሚው ነው። በኦሮምኛ «ላፋ» በአጭር አናባቢ መሬት፣ በረጅም አናባቢ ለስላሳ ማለት ነው፤ ቁቤ ይህን ልዩነት ፊደል በመደጋገም ያሳያል፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን ይጠፋል። እዚህ ላይ ከአየርላንድ የምንማረው አለ። ፎራስ ና ጌልገ የተባለው የቋንቋ ተቋም የሚያስተዳድረው ቲያንግላን የተሰኘ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1977 የታተሙትን ሁለቱን ዋና መዝገበ ቃላት በአንድ ቦታ አቅርቧል፤ በዚያ ላይ የብዙ ቃላትን ድምፅ በኮናክት፣ በመንስተርና በአልስተር አነጋገር ቀርጾ ያሰማል። ከሦስቱ አንዱን «ትክክለኛ»፣ ሌሎቹን «የገጠር» አላለም፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው እንጂ። የወሎን አነጋገር ከሸዋና ከጎንደር ጎን ያስቀመጠ የአማርኛ የድምፅ መዝገብ ቢኖረን የቆቦ ልጅ በክፍል ውስጥ ስለ አፉ አያፍርም ነበር።

አራተኛው ጥያቄ፦ ቃሉን በሥራ ላይ ያሳየኛል ወይ? የሚለው ነው። «ሆድ» ለሚለው ቃል የአካል ክፍሉን ብቻ የሚሰጥ መዝገብ «ሆደ ሰፊ»ን፣ «ሆደ ባሻ»ን፣ «ሆዴ ባባ»ን አይፈታም። በኦሮምኛ ሩኅሩኅ ሰው «ጋራ ላፌሳ» ይባላል፤ ሆዱ የለሰለሰ እንደ ማለት ነው። አማርኛው «ሆደ ቡቡ» ይለዋል። ሕመምተኛ ስለ ሆዱ ሲናገር ሐኪሙ የጨጓራን ነገር ነው ወይስ የኀዘንን ብሎ መለየት አለበት። የግብርና ባለሙያም እንደዚሁ ነው። ራያ የማሽላ አገር ነው፤ ማሽላንና ዘንጋዳን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚተረጕም መዝገብ ገበሬው የሚለየውን አይለይም። የማሽላን ሥር የሚመጠው አረም አቀንጭራ ይባላል። ይህን አረም ከሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላል፤ ጎብዬ ግን በወልድያና በቆቦ መካከል ያለች ከተማም ስም ናት። ማን ስለ የቱ ጎብዬ እንደሚናገር የሚያስረዳው አገባቡ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ስለ መተርጐሚያ መሣሪያዎች አንድ ቃል ልጨምር። ጎግል አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2022 ጨምሯል። ጥቅማቸውን አልክድም። ሆኖም መዝገበ ቃላትና መተርጐሚያ አንድ አይደሉም። መዝገበ ቃላት የማያውቀውን ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ መተርጐሚያው ግን ባያውቅም ይመልሳል። ለተማሪ ዝምታው ይሻለዋል፤ ዝም ያለው ወደ ሰው ይመራዋልና። የመድኃኒት አወሳሰድን ለእናት የምታስረዳ ነርስ አሳማኝ በሚመስል ስሕተት ላይ ልትደገፍ አይገባም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አዲስ ድረ ገጽ ስታገኙ ትርጕማቸውን አስቀድማችሁ የምታውቋቸውን ዐሥር ቃላት ጠይቁት፤ ሦስቱ ተራ ይሁኑ፣ ሦስቱ የረቡ ግሦች፣ አራቱ የአካባቢው። በዐሥሩ ያልታመነ በዐሥራ አንደኛው አይታመንም። ከዚያ ሁለት መዝገቦችን አመሳክሩ፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ሲስማሙ አንዱ ከሌላው ገልብጦ እንደ ሆነ መርምሩ። ያጣችሁትን ቃል በደብተር ጻፉ፤ ከማን፣ የት፣ በምን ነገር ላይ እንደ ሰማችሁት ጨምሩበት።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ፋኩልቲያችንንም ይመለከታል። ቋንቋ በወረዳና በክልል ወሰን ላይ አይቆምም፤ ራያ ሲናገር ድምፁ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ያልፋል። ያንን ድምፅ በተናጋሪዎቹ ፈቃድ ቀርጾ፣ በሦስቱም ቋንቋዎች አስተያይቶ ለሕዝብ መክፈት ከመመረቂያ ጽሑፎቻችን ተጀምሮ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው። ሉዶልፍ አባ ጎርጎርዮስን ሲያገኝ የጠየቀው መጽሐፍን አልነበረም፤ ቋንቋውን የሚያውቀውን ሰው ነበር። የቆቦ ገበያ በእንዲህ ያሉ ሰዎች የተሞላ ነው፤ የጐደለው ጠይቆ የሚጽፍ ነው።