ከዘር የወረስነውና በእጃችን ያለው
(በመስጊዳችን የመታሰቢያ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

አንድ የገጠር ዐረብ ሚስቱ ጥቁር ልጅ ስለወለደች ተጠራጥሮ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እንደመጣ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ግመሎቹ ቀይ ሆነው ሳለ ከመካከላቸው አመድማ መኖሩን ነገራቸው። ያ ቀለም ከየት እንደመጣ ቢጠይቁት፣ ከጥንት ዘሩ ስቦት ይሆናል አለ። የልጁም መልክ እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል አስረድተው ጥርጣሬውን አስወገዱለት። ከዚህ የምንማረው ሰው ከቅድመ አያቶቹ የሚወርሰው ነገር መኖሩን፣ በወረሰውም ማንም ሊወቀስ እንደማይገባ ነው።

ዛሬ የሕክምና ሊቃውንት ውርሱን የሚሸከሙትን ጂኖች በዝርዝር ይመረምራሉ። ከምርምራቸው አገራችንን በቅርብ የሚመለከተውን ላንሳ፤ እርሱም የደጋው ዝሆኔ ነው። በቆላ የሚገኘው ዝሆኔ በትንኝ በሚተላለፍ ትል ይመጣል። የደጋው ግን ትልም ተላላፊነትም የለውም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ያስቆጣሉ፤ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመበት ተገምቷል።

ታዲያ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር የሚያርሱ ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው የሚድነው ለምንድን ነው? በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የወላይታ ጥናት፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ የ194 ታማሚዎችና የ203 ጤነኞች ዘረ-መል ተነጻጽሮ፣ ልዩነቱ የሰውነት መከላከያ ኃይልን በሚመሩ ጂኖች አካባቢ ተገኘ።

እዚህ ላይ፣ «በዘር ከሆነማ ከዚያ ቤት አንጋባም ያሉት ልክ ናቸው» የሚል አይጠፋም። አይደለም! የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለም። ከዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ፣ እግሩንም በሳሙና ከታጠበ በሽታውን መከላከል ይቻላል። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ኒካሕ ማፍረስ፣ ቤተሰቡንም እንደተረገመ መቁጠር በደል ነው። ግመሌን ልሰር ወይስ ትቼ በአላህ ልመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስሮ እንዲመካ ማዘዛቸውን ቲርሚዚ ዘግቧል። በቀይ አፈር አገር ለልጅ ጫማ ማድረግ ግመልን ማሰር ነው።

ለታመመውም ተስፋ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ፣ እግርን በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ሥቃይ የሚቀሰቀስባቸውን ጊዜያት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በቀን አምስት ሰላት የሚሰግድ ሕዝብ እግር ማጠብን ከማንም መማር አያሻውም። የሚጎድለው ሳሙናው፣ ጫማውና የእኛ ፊት ነው። ታማሚው የእግሩ ሽታ ሰው እንዳያስከፋ ፈርቶ ከሶፍ ከቀረ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን።

ስለዚህ ኮሚቴያችንን ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። የውዱእ ቦታችን ጭቃ እንዳይሆን በሲሚንቶ ይሠራ፤ ሳሙናም አይጥፋበት። ከሰደቃው ለድሃ ልጆች ሽፍን ጫማ ይገዛ። በዝሆኔ የታመመ ወንድማችን ለጁምዓ ሲመጣ ከጎናችን ቦታ እንልቀቅለት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሽፋ፣ ለእኛም ርኅራኄ ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።